ዶሮ በቤቷ፥ ሰው በቤቱ

ዶሮ በአገራችን ቤተ ሰብ ዘንድ ያላትን ስፍራ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። አውራው ሌሊቱን እየከፈለ በጩኸቱ ካህኑን ለማኅሌት፥ ገበሬውን ለእርሻ፥ መንገደኛውን ለጕዞ ይቀሰቅሳል። እንቁላሏ ለሕፃንና ለበሽተኛ ምግብ፥ ለድንገተኛ እንግዳም መቀበያ ይሆናል። ጾም በተፈታ ቀን ደግሞ ያለ ዶሮ ወጥ ዓውደ ዓመት የደረሰ አይመስልም። ከዚህም ሁሉ በላይ የእንቁላል ገንዘብ የእመቤቲቱ ገንዘብ ነው። በሬ ወይም ላም ሲሸጥ ባልና ሚስት ይማከራሉ፤ እንቁላል ሲሸጥ ግን የቤቱ እመቤት ማንንም ሳትጠይቅ ጨውና በርበሬ፥ ደብተርና እርሳስ ትገዛበታለች።

ዳሩ ግን ይህን ያህል የምትጠቅመን ፍጥረት የራሷን ቤት ያገኘችው በጥቂቱ ግቢ ብቻ ነው። ለበሬው በረት፥ ለእህሉ ጎተራ፥ ለንቡም ቀፎ እንሠራለን፤ ለዶሮ ግን በሰው መኖሪያ ውስጥ ቆጥ እንሰቅልላታለን፤ ወይም ቅርጫት ደፍተንባት ከምድጃው አጠገብ እናሳድራታለን። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። በውጭ ሸለምጥማጥ አለ፤ ቀበሮ አለ፤ ሌባም አለ፤ ብርዱም አለ። ስለዚህ ዶሮዋን ከነዚህ ሁሉ ለማዳን ከራሳቸው ጋራ አሳደሯት። እኛም ይህን የምንጽፈው ልማዱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ልማዱ የሚጠብቀውን ጥቅም ሳንለቅ የሚያስከትለውን ጕዳት እንዴት ማራቅ እንደሚቻል፥ በግቢያችን የቆመ አንድ አሮጌ ቤት ለዶሮ ማደሪያ ስናዘጋጅ ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ነው እንጂ።

ጕዳቱ ምንድር ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ በመጀመሪያ የሚጎዳው በወለሉ ላይ የሚድኸው ሕፃን ነው። የዶሮ ኩስ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የተባሉትን በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ሊይዝ ይችላል። ዶሮዋ እነዚህን ይዛ ሳትታመም ትኖር ይሆናል፤ ሕፃኑ ግን ኩስ የነካ እጁን ወይም ከወለሉ ያነሣውን ጥሬ ወደ አፉ ሲያደርግ ተቅማጥ ይይዘዋል። ተቅማጡ በተመላለሰ ቍጥር የበላው ምግብ ሰውነቱን ሳይጠቅም ይቀራል፤ ዕድገቱም ወደ ኋላ ይጎተታል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ፕሎስ ዋን በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ፥ ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ልጆች የተደረገ አንድ ጥናት፥ ዶሮ ማርባት ከልጆች ቁመት መሻሻል ጋራ ተያይዞ ሲገኝ፥ ዶሮን በሰው መኖሪያ ውስጥ ማሳደር ግን ከቁመት ማነስ ጋራ ተያይዞ መገኘቱን ገልጧል። እንዲህ ያለ ጥናት ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውን ይመሰክራል እንጂ፥ አንዱ ለሌላው ምክንያት ነው ብሎ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም። ቢሆንም ለአስተዋይ ሰው ምክሩ ግልጥ ነው፤ ይኸውም ዶሮዋን ከግቢ ሳይሆን ከመኝታ ቤት ማስወጣት ነው።

የምንኖረው በደብረ ብርሃን ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። በግቢያችን ከባለቤታችንና ከልጆቻችን ጋራ ታላቅ እኅታችን ይኖራሉ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ፥ የልጃቸው ልጅ የሆነውን ገና ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላውን ሕፃን የሚያሳድጉት እርሳቸው ናቸው፤ እናቱ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄዳለችና። ሀብታቸው 13 ሴት ዶሮዎችና 1 አውራ ነበር። ዶሮዎቹ የሚያድሩት እኅታችን በሚተኙባት ክፍል ነበረ፤ ቆጡ በአልጋው ግርጌ ተሰቅሎ፥ ከቆጡ በታች ያለው ወለል ቀን ቀን ሕፃኑ የሚድኽበት ነበረ።

ሕፃኑን ተቅማጥ ይመላለስበት ስለ ነበረ፥ የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጥታ ብትመዝነው ክብደቱ ለዕድሜው ያነሰ ሆኖ አገኘችው። ክፍሉንም አይታ፥ «እማማ፥ ለዶሮዎቹ ሌላ ማደሪያ ይፈለግላቸው» አለቻቸው። እኅታችንም፥ «ልጄ፥ ባወጣቸው ሸለምጥማጥ ይፈጃቸዋል፤ ታዲያ ይህ ልጅ በምን ይደግ?» ብለው መለሱ። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። ያገር ዶሮ በተለመደው አያያዝ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ያህል ስለ ሆነ፥ አንዲት ዶሮ በሌሊት ስትወሰድ የዓመት ተስፋ አብሯት ይሄዳል። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ መዝገብ ስንጽፍ እንዳየነው፥ ሁለቱም ባለ ጉዳዮች እውነት ይዘው በቀረቡ ጊዜ፥ አንዱን ረትቶ አንዱን ከማሰናበት ይልቅ ሁለቱንም የሚያድን መንገድ መፈለግ ይሻላል። ስለዚህ የሚፈለገው ቤት ዶሮዋን ከአውሬ፥ ሕፃኑንም ከዶሮዋ የሚጠብቅ ቤት ሆነ።

አዲስ ቤት እንሥራ ብንል የእንጨቱና የቆርቆሮው ዋጋ ከዶሮዎቹ ዋጋ የሚበልጥ ሆነብን። በግቢያችን ጥግ ግን የእናታችን ማድ ቤት ቆሞ ነበር። ግድግዳው እንደ አገሩ ልማድ በድንጋይ የተሠራ፥ ክዳኑ ቆርቆሮ፥ ርዝመቱ 4 ሜትር፥ ወርዱ 3 ሜትር ነው። እናታችን ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቤቱም ከዚያ ወዲህ ተዘግቶ ቆልፉን የያዙት እኅታችን ነበሩ። ነገሩን ባነሣንላቸው ጊዜ፥ «በእናታችን ምድጃ ላይ ኩስ አይጣልም» ብለው ቆረጡ። እኛም ታላቃችን ናቸውና አልተከራከርናቸውም፤ ሦስት ማታ ያህል ነገሩ ሳይነሣ ቆየ። በአራተኛው ማታ ሕፃኑ እንደ ገና ታሞ ሲያለቅስ፥ ባለቤታችን፥ «እትዬ፥ እማማ በሕይወት ቢኖሩ ለዚህ ልጅ ሲሉ የማይለቁት ቤት ምን አለ?» አሉ። እኅታችን መልስ አልሰጡም። በማግሥቱ ግን ገና ሳይነጋ ማድ ቤቱን ከፍተው፥ ሦስቱን ጉልቻ በነጠላቸው ጠርገው አወጡና ከጥዱ ሥር፥ ቡና በሚፈላበት ስፍራ አኖሯቸው። ቆልፉንም በእጃችን ሰጡን።

አናጢና ግንበኛ ከመጥራት በፊት የቦታ ምርመራ ማድረግ ይገባል። አሮጌ ቤት ሁሉ ለዶሮ አይሆንም። የፀረ ተባይ መድኃኒት፥ ነዳጅ ወይም አሮጌ ባትሪ የተቀመጠበት ቤት መርዙ በወለሉ ሊቀር ስለሚችል መተው ይሻላል። አሮጌ ሽንት ቤትም ጕድጓዱ ሊደረመስ ስለሚችል አይመከርም። የብረት ኮንቴይነርም ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፥ ሌሊት ከጣሪያው ላብ ያንጠባጥባል፤ ሰፊ መስኮት ካልተቀደደለት በቀር ዶሮ አይኖርበትም። ጎርፍ የሚገባበት ቤት ግን የቱንም ያህል ቢጠገን የበሽታ ቤት ነው። ማድ ቤት ከሌሎቹ የሚሻልበት ምክንያት አለው፤ ከጥንቱም ለጢስ መውጫ የተተወለት ስለ ሆነ አየር ያገኛል።

ለምርመራው አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ጨለማ በሆነ ማታ ብርቱ መብራት በቤቱ ውስጥ አብርቶ በሩን ዘግቶ በውጭ መዞር ነው። መብራት የወጣበት ሁሉ ጠላት ይገባበታል። እኛም ይህን ባደረግን ጊዜ፥ ቀን ደኅና ግድግዳ የመሰለን በ11 ስፍራ ብርሃን አፈሰሰ፤ ከበሩ ሥርም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ታየ። ሁሉንም በከሰል ምልክት አድርገንበት በማግሥቱ ለግንበኛው አሳየነው።

ከዚያም ጠላቶችን እያንዳንዳቸውን በየጠባያቸው መመርመር ነው። ሸለምጥማጥ በሌሊት ይመጣል፤ ዛፍና ግድግዳ መውጣት ያውቃል፤ ሰውነቱም ቀጭን ስለ ሆነ ሰው ንቆ በሚተወው ቀዳዳ ይገባል። ከገባ በኋላም አንዲቱን በልቶ ሌሎቹን ገድሎ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ውሻና ቀበሮ ከሥር ይቆፍራሉ፤ ደካማ በርም ይገፋሉ። አይጠ መጎጥ እንቁላልና ጫጩት ይወስዳል፥ መኖም ያበላሻል፤ ለመግቢያው 2 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ቀዳዳ ይበቃዋል። እባብም የአይጥን መንገድ ተከትሎ ለእንቁላል ይገባል። ጭላት በቀን ከሰማይ ይወርዳል። ሌባ ደግሞ እንደ ሰው በበር ይመጣል። ዶሮዋ በጨለማ አጥርታ ስለማታይ ሌሊት ከተያዘች መሸሽ አትችልም፤ በቆጥ ላይ እንደ ተቀመጠች ትወሰዳለች። እንግዲህ በሌሊት ያላት መከታ ቤቷ ብቻ ነው።

ሥራው የተጀመረው በጽዳት ነው። ለብዙ ዘመን ከጣሪያው የተንጠለጠለው ጥቀርሻ በረጅም መጥረጊያ ተራገፈ፤ እንዲህ ያለው ጥላሸት ከላይ እየረገፈ የዶሮዎቹን መተንፈሻ ይጎዳልና። ቀጥሎም የወለሉ አፈር ከነአሮጌው አመድ አንድ ክንድ ያህል ተቆፍሮ ወጣ፤ በስፍራውም ጠጠርና ስባሪ ድንጋይ ተጠቅጥቆ በላዩ ስስ ሲሚንቶ ፈሰሰበት። እንዲህ የሆነ ወለል አይጥ አይቆፍረውም፤ ለማጠብም ይመቻል። በግድግዳው ላይ ምልክት የተደረገባቸው ቀዳዳዎች በጭቃ ሳይሆን በድንጋይና በሲሚንቶ ተደፈኑ፤ ጭቃውን አይጥ በአንድ ሌሊት ይከፍተዋል። በመጨረሻም ግድግዳው በውስጥ በኩል ኖራ ተቀባ። ኖራው ቤቱን ከማብራቱም በላይ ቅንቅን የሚደበቅበትን ስንጥቅ ይዘጋል።

ስለ መስኮት ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በገበያ የዶሮ ሽቦ ተብሎ የሚሸጠው ቀጭን ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ አውሬው እንዳይገባ አይከለክልም፤ ውሻ በጥርሱ ይበጥሰዋል፤ አይጥም በዓይኑ ያልፋል። ለማደሪያ ቤት የሚሆነው በብየዳ የተያያዘ፥ ዓይኑ 13 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ጠንካራ የሽቦ መረብ ነው። ይህም ዋጋው ከፍ ያለ ስለ ሆነ የምንገዛው ለመስኮቱና ለጢስ መውጫው የሚበቃውን ብቻ ነው። መረቡ በምስማር ብቻ ቢያዝ እየተገፋ ስለሚላቀቅ፥ ዳር ዳሩን በጣውላ አስጨንቀን በብሎን አሠርነው።

ብርድ ባለበት አገር ሰው ሁሉ የሚያስበው ቀዳዳን ሁሉ መድፈን ነው። ነገር ግን ደረቅና ንፋስ የማይመታት ዶሮ ላባዋን ነፍታ ብርዱን ትችለዋለች፤ የማትችለው እርጥበትንና የታፈነ አየርን ነው። ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ የተባለው ሽታ ዓይንዋንና ሳንባዋን ይጎዳል። ለመመርመርም ጧት በሩ ሲከፈት ጐንበስ ብሎ በቆጡ ቁመት መተንፈስ ነው፤ ዓይንን የሚቆጠቍጥ እንደ ሆነ አየሩ አልበቃም ማለት ነው። ስለዚህ የአየር መግቢያውና መውጫው በክዳኑ ሥር፥ ከዶሮዎቹ ራስ በላይ ሆኖ በመረብ ተሸፍኖ ይተዋል፤ በቆጡ ትክክል ያለው ግድግዳ ግን ንፋስ የማያስገባ ይሆናል።

በሩም እንደ ገና ተሠራ። መቃኑና ሳንቃው ተገጣጠሙ፤ ከሥሩ ያለውን ክፍተት ለመዝጋት ከድንጋይ የተጠረበ ደፍ ተተከለ፤ የሳንቃው ታችኛ ጠርዝም አይጥ እንዳይጐረጕረው ቆርቆሮ ለበሰ። መቀርቀሪያውም ሁለት ሆነ፤ አንዱ ከላይ፥ አንዱ ከታች። ከታች የተሰበረ ቢሆን ከላይ ያለው ይይዛል፤ ሕፃን ልጅም ከላይ ያለውን አይደርስበትም። ለሌባ ደግሞ የእናታችን ቆልፍ ከነቁልፉ ተመለሰ።

በውስጥ ያለው አደረጃጀት በልክ ነው። ለአንዲት ዶሮ በቆጥ ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ስፍራ ቢሰጣት 14ቱ 3 ሜትር ተኩል ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ የቤቱን ርዝመት የያዘ አንድ የ4 ሜትር ቆጥ በቃቸው። የቆጡ እንጨት 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፥ ጠርዙ የተላገ፥ ከወለሉ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው። ከቆጡ በታች ተነሥቶ የሚጠረግ ጣውላ ስላደረግን የሌሊቱ ኩስ በየማለዳው አብሮ ይወጣል። የእንቁላል መጣያ ሣጥኖቹ ወርዳቸውና ጥልቀታቸው 30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጥግ ባለው ጨለምለም ባለ ስፍራ ተደረደሩ፤ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ሣጥን ስለሚበቃ ሦስት ሠራን። ሣጥኖቹ ከቆጡ ዝቅ ማለት አለባቸው፤ ዶሮ ሁልጊዜ ከፍ ያለውን ስፍራ ለመኝታ ስለምትመርጥ፥ ሣጥኑ ከፍ ካለ እዚያው ተኝታ እንቁላሉን ታቆሽሻለች። በወለሉ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ጭድና ሰጋቱራ ተነጠፈ። በአንዱ ጥግ አመድና ደረቅ አፈር የተቀላቀለበት ሣጥን ተቀመጠ፤ ዶሮዎቹ በዚያ እየታጠቡ ቅንቅንን ከላባቸው ያራግፋሉ።

ቤቱ 12 ሜትር ካሬ ስለ ሆነ በአንድ ሜትር ካሬ 4 ዶሮ ቢታሰብ 48 ይይዛል ይባላል። እኛ ግን ለሣጥኖቹና ለመተላለፊያው ስፍራ ቀንሰን፥ እኅታችንም መግበው የሚያድሩትን አስበን፥ ከ24 እንዳይበልጡ ተስማማን። በቤቱ ፊት ለፊትም በሽቦ የታጠረ፥ በላዩ ለጭላት መከልከያ መረብ የተዘረጋበት ትንሽ ግቢ ተሠራላቸው፤ የአጥሩም ሽቦ ወደ ውጭ ታጥፎ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በምድር ተቀብሯል፤ የሚቆፍር አውሬ ከአጥሩ ሥር ሲጀምር ሽቦውን ያገኘዋል። ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላሏን የምትጥለው ከቀትር በፊት ስለ ሆነ እስከዚያ በዚህ ይቆያሉ፤ ከቀትር በኋላ ከቤቱ ኋላ ባለው መስክ ይለቀቃሉ፤ ሕፃኑ የሚጫወትበት ደጅ ግን ተከልክሎባቸዋል።

ዶሮ ቤቷን በምክር አትለውጥም፤ በልማድ እንጂ። ስለዚህ ዶሮዎቹ በማታ ከአሮጌው ቆጥ እየተነሡ ወደ አዲሱ ተወሰዱ፤ ሰባት ቀንም በቤቱና በትንሹ ግቢ ተዘግተው ቈዩ። በዚህ ሳምንት የተቸገሩት ዶሮዎቹ ሳይሆኑ እኅታችን ነበሩ። ስንት ዘመን የዶሮ ድምፅ እየሰሙ የተኙ ስለ ነበሩ ክፍላቸው ዝም ሲልባቸው እንቅልፍ አጡ፤ ሌሊት እየተነሡም በመስኮት ወደ ማድ ቤቱ ይመለከቱ ነበር።

በአምስተኛው ሌሊት፥ 8 ሰዓት ያህል ሲሆን፥ ከማድ ቤቱ ክዳን ላይ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ተሰማ። አውራው አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። እኅታችን ባትሪ ይዘው ሲወጡ እኛም ደረስን፤ በብርሃኑም ሁለት የሚያበሩ ዓይኖች ከጥዱ ላይ ታዩና ጠፉ። ማታ በደፉና በግድግዳው ሥር ስስ አመድ በትነን ስለ ነበረ፥ ሲነጋ ምስክሩን ከምድር ላይ አነበብን። የድመት የሚመስል ጠባብ ዱካ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞሯል፤ በመስኮቱ ሥር ቆሟል፤ በደፉም ላይ ቆሟል፤ ከዚያም ወደ ጥዱ ተመልሷል። በመስኮቱ መረብ ላይ ጥቂት ጠጕር ተይዞ ቀርቷል። በሩ ተከፍቶ ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ሲቈጠሩ 14ቱም ተገኙ። እኅታችን ቈጥረው ሲጨርሱ እጃቸውን በድንጋዩ ግድግዳ ላይ አኑረው፥ «እማማ ቤቷን ጠበቀች» አሉ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ እንቅልፋቸው ተመለሰ።

ከሰባት ቀን በኋላ በተለቀቁ ጊዜ፥ ማታ 12 ሰዓት ሲሆን 11ዱ በራሳቸው ወደ አዲሱ ቤት ገቡ፤ ሦስቱ ግን በእኅታችን ደጅ ቆመው በሩ እንዲከፈትላቸው ይጠብቁ ነበር። ሦስት ማታ በእጅ እየተወሰዱ ከቆጡ ላይ ተቀመጡ፤ በአራተኛው እነርሱም ከጓደኞቻቸው ጋራ ገቡ።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንደሚባለው፥ የቤቱ መለወጥ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ በየቀኑ የሚጠበቅ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዶሮዎቹን ቈጥሮ መዝጋት፥ መኖውን አይጥ እንዳይጠራበት አንሥቶ መክደን፥ እንቁላሉን በቀን ሁለት ጊዜ መሰብሰብ፥ ውኃውን በየጧቱ መለወጥ፥ የረጠበውን ጭድ አውጥቶ ደረቅ መጨመር ነው። ለዶሮ ቤት የተለየ ጫማ በበሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ በዚያ ጫማ ወደ መኖሪያ ቤት አይገባም። ኩስም እንቁላልም የነካ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ሕፃናት ወደ ውስጥ አይገቡም። ኩሱ ከውኃ ጕድጓድ ርቆ ይከመራል፤ ለወራት ከበሰበሰ በኋላም ለጎመንና ለድንች መልካም ማዳበሪያ ይሆናል።

ከአውሬ ሁሉ የሚከፋው ጠላት ግን በበርም በመስኮትም ሳይታይ የሚገባው ፈንግል ነው። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ የሰፈሩን ዶሮ በጥቂት ቀን ይጨርሳል። መከላከያው ክትባት ነው፤ ክትባቱም በአገራችን በቢሾፍቱ ይሠራል። ጊዜውንና መጠኑን የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ስለሚያውቅ እርሱን መጠየቅ ይገባል። ከገበያ የተገዛች ቄብ ሁሉ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ሳትቈይ ከቀድሞዎቹ ጋራ አትቀላቀል። የሞተችውንም ለውሻ መጣል በሽታውን ለጎረቤት መላክ ስለ ሆነ፥ በጥልቅ ጕድጓድ መቅበር ነው።

ዶሮዎቹ ከእኅታችን ክፍል ከወጡ ዛሬ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ወለሉ ታጥቦ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። የሕፃኑ ተቅማጥ ተቀንሷል፤ በጤና ካርዱም ላይ የክብደቱ መሥመር ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል። ይህን ሁሉ ያደረገው የዶሮዎቹ መውጣት ብቻ ነው ብለን አንመሰክርም፤ እኅታችን በዚያው ወራት የመጠጥ ውኃ ማፍላት ጀምረው ነበርና፥ ከሚሰበሰበውም እንቁላል አንዱ በየቀኑ የእርሱ ድርሻ ሆኗልና። ከ14ቱ ዶሮዎች በአውሬ የተወሰደ የለም፤ ከታቀፉትም እንቁላሎች ጫጩቶች በ21 ቀን ተፈልፍለው ቍጥሩ ዛሬ 22 ደርሷል። የእንቁላሉን ሒሳብ እኅታችን በደብተር ያጽፉናል፤ እናቱም በስልክ በጠየቀች ቍጥር መጀመሪያ የሚነገራት የልጅዋ ኪሎ፥ ቀጥሎ የዶሮዎቹ ቍጥር ነው።

ብዙ ግቢ ውስጥ ሥራ ፈትቶ የቆመ ቤት አለ፤ ማድ ቤት የነበረ፥ ጎተራ የነበረ፥ የዘበኛ ቤት የነበረ። ባለቤቱ ሊያፈርሰው ያዝንለታል፥ ሊጠግነውም ምክንያት ያጣል። እንዲህ ያለው ቤት ደረቅ ከሆነና ግድግዳው ከጸና፥ በማታ መብራት አብርተው ይዙሩት፤ ብርሃን የሚያፈስሰውንም ቈጥረው ይድፈኑ። ይህም ሥራ አንዲት ዶሮ ሳትወሰድ፥ አንድ ሕፃንም ሳይታመም ሊደረግ የሚገባው ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። በአንድ በር መዘጋት ሁለት ነፍስ ይጠበቃል፤ በውስጥ ያለችው ዶሮ ከአውሬ፥ በውጭ ያለው ሕፃን ከበሽታ።